አባት ሲናዘዝ ልጅ አስተርጓሚ ሲፈልግ
(በሬድዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

   

ዛሬ የምናወራው ስለ ቋንቋ ነው። «ይህ የትምህርት ቤት ጉዳይ እንጂ የዲን ፕሮግራም ጉዳይ ነው ወይ?» የሚል አድማጭ አይጠፋም። አላህ (ሱ.ወ) መልእክተኞቹን በየሕዝባቸው ቋንቋ እንደላከ በሱረቱ ኢብራሂም ነግሮናል፤ የቋንቋዎቻችንን መለያየትም በሱረቱ ሩም ከታምራቱ ቆጥሮታል። ስለዚህ ጉዳዩ የኛም ነው። ይሁንና እኔን ወደዚህ ርእስ ያመጡኝ አንድ የታመሙ ሽማግሌ ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከእንሴኖ ብዙም በማይርቅ መንደር የሚኖሩ አንድ ስልጤ አባት ሕመማቸው ስለጠናባቸው ወሲያ ሊናገሩ ፈልገው አስጠሩኝ። ልጆቻቸው በልጅነታቸው አጎታቸው ዘንድ አዲስ አበባ ሄደው መርካቶ ውስጥ ያደጉ፣ ነግደው ያገኙ፣ ለወላጆቻቸውም ደግ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ያን ሌሊት መኪና ተከራይተው መጥተው አልጋውን ከበው ተቀምጠዋል። ሽማግሌው በጤናቸው ጊዜ የገበያ አማርኛ ያውቁ ነበር። ነገር ግን ሰው ሲደክም ወደ መጀመሪያ ቋንቋው ይመለሳል፤ ይህን በብዙ ሕመምተኛ አጠገብ ተቀምጬ አይቻለሁ። ስለዚህ የሚናገሩት በስልጥኛ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ የተናገሩት ስለ ዕዳ ነው። የበርበሬ ዋጋ ያልከፈሉት አንድ የማረቆ ነጋዴ አለ፤ የዕዳው ወረቀትም ያለው እህታቸው ቤት ነው። በስልጥኛ ቤት «ጋር» ነው የሚባለው። ትልቁ ልጅ ይህችን ቃል ሰማና «ከማን ጋር ነው አባባ? ከማን ጋር?» እያለ ጠየቀ። አባት «ጋር» አሉ ደግመው። ልጅ «እኮ ከማን ጋር?» አለ። በሦስተኛው አባት ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ገብቼ «ወረቀቱ አክስታችሁ ቤት ነው እያሉ ነው» አልኩ።

ቀጥሎ ለሚስታቸው ስትላላክላቸው ለኖረች አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤት ከጓሮው እንሰት ጥቂት እግር ተናዘዙላት። ከሲሶ የማያልፍ፣ ለወራሽም ያልሆነ፣ በሸሪዓው የተፈቀደ ስጦታ ነው። እንሰቶቹን ግን በዓይነት በዓይነታቸው፣ በየስማቸው እየጠሩ ነበር የቆጠሩት። የጉራጌና የስልጤ እናቶች ታውቁታላችሁ፤ አንዱ ለቆጮ ነው፣ አንዱ አሚቾው ይቀቀላል፣ አንዱ ለተሰበረ አጥንት መድኃኒት ነው፣ አንዱ ቃጫው ጥሩ ነው፤ እያንዳንዱም ስም አለው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ላስተረጉም አፌን ከፈትኩና እኔም ቆምኩ። በአማርኛ ሁሉም «እንሰት» ነው! መጨረሻ ላይ ከባለቤታቸው ጋር ፋኖስ ይዘን ጓሮ ወጣን፤ እሳቸው እያሳዩኝ በየተጠራው እንሰት ላይ ቀይ ክር አሰርኩበት።

ሽማግሌው በሦስተኛው ቀን ወደ አኺራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ዕዳው ተከፈለ፣ እንሰቱም ለባለቤቱ ደረሰ። ከቀብር ስንመለስ ትልቁ ልጅ «ኡስታዝ፣ ያን ሌሊት ሌላ መንደር ሄደው ቢሆን ኖሮስ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። የሟች ዕዳ ምን ያህል ከባድ ነገር እንደሆነ ታውቃላችሁና፣ ጥያቄው እስከ ዛሬ ድረስ ይከተለኛል።

ስለዚህ ነገር ሳወራ ብዙ ሰው የሚመልስልኝ አንድ ነው፤ «አማርኛ በላን፤ የመንግሥት ቋንቋ ስለሆነ የኛን ዋጠው» ይሉኛል። ሌሎች ደግሞ «ዘመኑ ነው» ብለው ይተዉታል። ሁለቱም መልስ አይበቃኝም። የመንግሥት ቋንቋ መሆን ብቻውን ቢያሳድግ ኖሮ ዛሬ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሰው ሁሉ ሆላንድኛ ይናገር ነበር።

ይህን ያወቅሁት ሐጅ ባደረግኩበት ዓመት ነው። ሚና ላይ ከድንኳናችን አጠገብ አንድ የኢንዶኔዥያ አዛውንት ነበሩ። እኔ የሳቸውን አላውቅም፣ እሳቸው የኔን አያውቁም፤ ዐረብኛቸውም ለሶላት የሚበቃ ብቻ ነው። ሆኖም ቁጭ ብለን አወራን። የያዝኩትን መጽሐፍ እያሳዩ «ኪታብ» አሉኝ። ሰማይና ምድሩን በእጃቸው ከበብ አድርገው «ዱንያ» አሉ። ሰዓታቸውን ነክተው «ወክቱ» አሉ፤ ወቅት ማለታቸው ነው። ከዚያ ጭንቅላታቸውን መታ መታ አድርገው «አካል» አሉኝ። እኔ ስለ ሰውነታቸው የሚያወሩ መስሎኝ «ያማል?» ብዬ በምልክት ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። ለካ «ዐቅል» ማለታቸው ኖሯል፤ ዓይኗ ወድቃ፣ ቃፏ ላልታ ነው! የዐረብኛ ቃል በየአገሩ ሲዞር እንዲህ የአገሩን ልብስ ይለብሳል። ከተመለስኩ በኋላ ስለኚህ ሰው ቋንቋ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ።

ማላይኛ ጥንታዊ ነው። ሱማትራ ደሴት ላይ የተገኘ የድንጋይ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ683 የተቀረጸ ሲሆን ፊደሉ ከህንድ የመጣ ነው። እስልምና በነጋዴና በዑለማ በኩል ሲገባ ግን ማላይኛ በዐረብኛ ፊደል ይጻፍ ጀመር፤ ይህን ጽሕፈት «ጃዊ» ይሉታል። ዐረብኛ የሌለው «ቸ» የሚል ድምፅ ነበራቸውና ጂም ላይ ሦስት ነጥብ አደረጉ። «ፐ» ሲፈልጉም ፋእ ላይ ሦስት ነጥብ ጨመሩ። ከዚያ በኋላ ነው ትልቁ ነገር የመጣው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአቼው ሸይኽ ዐብዱረኡፍ አስሲንኪሊ በመካና በመዲና አካባቢ 19 ዓመት ያህል ተምረው ተመለሱና የቁርኣንን ሙሉ ተፍሲር በማላይኛ ጻፉ። ከሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎም ኑሩዲን አርራኒሪ ፊቅህን በማላይኛ ጽፈው ነበር። በየወደቡ ያለ ነጋዴ የሚስማማበት ቋንቋ ስለ ውዱእና ስለ ውርስ የሚያስተምር ቋንቋም ሆነ ማለት ነው።

ሆላንድኛስ? እሱም መጀመሪያ ትንሽ ቋንቋ ነበር። የተማረው ሰው የሚጽፈው በላቲን ነበር፤ ሆላንድኛ የገበያና የቤት ነበር። እነሱም ማተሚያ ቤት ከፈቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1637 መጽሐፍ ቅዱሳቸውን በመንግሥት ትእዛዝ አስተርጉመው አሳተሙ፤ በአገራቸው ቋንቋቸው ቆመ። በ1602 የምሥራቅ ህንድ ኩባንያቸውን አቋቁመው ቅመም ፍለጋ ወደ ማላይ ደሴቶች ሄዱ። እዚያ ግን ምን አደረጉ? ቋንቋቸውን ለራሳቸው ያዙት። ሆላንድኛ የቢሮና የጌታ ቋንቋ ሆነ፤ ከአገሬው ሰው ጋር ሲሆን በማላይኛ ነበር የሚሠሩት። የመጀመሪያዎቹን የማላይኛ መዝገበ ቃላት ከጻፉት አንዱ ፍሬደሪክ ደ ሃውትማን የተባለው ሆላንዳዊ ሲሆን ቋንቋውን የተማረው አቼ ውስጥ ታስሮ ሳለ ነው፤ መጽሐፉም በ1603 አምስተርዳም ታተመ። ገዢ ለመሆን የመጣው እስር ቤት ገብቶ የተገዢውን ቋንቋ ተማረ፤ ሱብሓነላህ!

እ.ኤ.አ. በ1928 ወጣቶች ተሰብስበው የአንድነታቸው ቋንቋ ማላይኛ እንዲሆን ቃል ሲገቡ «ኢንዶኔዥያኛ» ብለው ሰየሙት። ልብ በሉ፤ በቁጥር የሚበዛው ጃቫኛ ተናጋሪ ነበር። በ1945 ነጻነታቸውን ሲያውጁ በሕገ መንግሥታቸው አንቀጽ 36 የመንግሥት ቋንቋ አደረጉት። የሆላንድኛ ነገር በጥቂት ቃላት ላይ ቀረ። ዛሬ ኢንዶኔዥያዊ ሾፌር ፍሬኑን «ረም» ይለዋል፤ ከሆላንድኛ ነው። ቢሮውንም «ካንቶር» ይለዋል። እኛስ ብንሆን አምስት ዓመት ብቻ ከቆየው ጣልያን «ፍሬን»፣ «ጎማ» እና «መኪና» ቀርተውልን የለ?

ወደ አገራችን ከመመለሳችን በፊት አንድ ቦታ ብቻ ላሳያችሁ። ሆላንዶች እ.ኤ.አ. ከ1652 ጀምሮ የአፍሪካን ደቡባዊ ጫፍ፣ የዛሬዋን ኬፕታውን ያዙ። ከማላይ ደሴቶች፣ ከህንድ፣ ከማዳጋስካርና ከሌላም ቦታ ባሮችንና እስረኞችን አመጡ። ከእስረኞቹ አንዱ የቲዶሬ ደሴት ዓሊም ነበሩ፤ ሕዝቡ «ቱዋን ጉሩ» ይላቸዋል፤ በኛ አነጋገር «ጌታው መምህር» እንደማለት ነው። በ1780 ሮበን ደሴት ላይ ታሠሩ፤ ማንዴላ በኋላ የታሠሩበት ያው ደሴት ነው። እዚያ ሆነው ቁርኣንን ከሒፍዛቸው በእጃቸው ጻፉ። በ1793 ሲፈቱ ኬፕታውን ውስጥ መድረሳ ከፈቱ። በዚያ መድረሳ በመጀመሪያ ማስተማሪያው ማላይኛ ነበር። የባሮቹ ልጆች ግን በገበያና በጌቶቻቸው ወጥ ቤት የሚናገሩት የተሰባበረ ሆላንድኛ ስለነበር መምህራኑ ቀስ በቀስ ወደሱ ዞሩ፤ በዐረብኛ ፊደልም ጻፉት። ኋላ ከዑስማኒያ መንግሥት የተላኩት ዓሊም አቡበክር አፈንዲ በ1869 የጻፉት፣ በ1877 ኢስታንቡል የታተመው «በያኑዲን» የሚባለው የፊቅህ ኪታብ በዚህ ቋንቋ ነው። ዛሬ «አፍሪካንስ» የሚባለው ቋንቋ ይኸው ነው። ነጮቹ ሰፋሪዎች «የወጥ ቤት ቋንቋ» እያሉ ሲንቁት፣ የሙስሊም ባሮች ልጆች ኪታብ ይቀሩበት ነበር። በ1925 የመንግሥት ቋንቋ ሲሆን ይህን ያስታወሰ ብዙ አልነበረም።

እንግዲህ አሁን ወደ ቤታችን እንግባ።

ኮሌጅ ሳለሁ ካስገረመኝ ነገር አንዱ የስልጥኛና የአማርኛ ዝምድና ነው። ሮበርት ሔዝሮን የተባለው የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1972 ባወጣው አመዳደብ መሠረት አማርኛና አርጎብኛ በአንድ ወገን፣ ስልጥኛ፣ ወለንኛ፣ ዛይኛና ሐረሪ በሌላ ወገን ሆነው ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ግንድ የወጡ ወንድማማቾች ናቸው። መስቃንኛና ቸሃኛ በሌላ ቅርንጫፍ ላይ ናቸው። ይህን ለእናቴ ስነግራት አላመነችኝም፤ ስልጤ ነችና «ታዲያ የአባትህ ነው ከኔ የሚርቀው?» አለችኝ። አባቴ መስቃን ነው። በገበያና በጋብቻ የተቀራረበ ሁሉ በዘር የተቀራረበ አይደለም ማለት ነው። የእንሴኖን በርበሬ ተራ የሚጋሩን የማረቆዎች ቋንቋ ሊቢዶ ደግሞ ከነጭራሹ ከኩሽ ቋንቋዎች ወገን፣ የሀድይኛ ዘመድ ነው።

ያቺ «ጋር» የምትባለው ቃል በሐረሪም «ጋር» ናት፤ ቤት ማለት ነው። አንድ ለማለት ስልጤው «አድ» ሲል ሐረሪው «አሐድ» ይላል። የሐረሪው የቁርኣንን «አሐድ» አያስታውሳችሁም? ከዐረብ የተዋሱት አይምሰላችሁ፤ ከጥንት ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ነው። አማርኛ እነዚያን የጉሮሮ ድምፆች ጥሏቸዋል፤ ለዚህ ነው በፊደላችን «ሀ» እና «ሐ» ሁለት ሆነው ሳሉ አንድ አድርገን የምናነባቸው። የስልጤ ሽማግሌዎች አባቶቻችን ከሐረር በኩል ከሐጂ አልዬ ጋር መጡ የሚሉት ትውፊትም ከቋንቋው ዝምድና ጋር አይጋጭም።

ታዲያ ሁለት ወንድማማች ቋንቋዎች እንዴት እንዲህ ተለያዩ? አማርኛ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የቤተ መንግሥት አፍ ነበር። የቤተ መንግሥት ብዕር ግን አልነበረም። ለዐፄ ዓምደ ጽዮን በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተገጠሙ ጥቂት ግጥሞች ቢኖሩም፣ ታሪክና ሕግ የሚጻፈው በግዕዝ ነበር። ልክ ሆላንድኛ ከላቲን ሥር እንደኖረው ማለት ነው። የንጉሥ ዜና መዋዕል በአማርኛ የተጻፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ቴዎድሮስ ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ፍጥነቱ ሌላ ነው። ምኒልክ የኛን አካባቢ ሲይዙ ዳኛው፣ ግብር ሰብሳቢውና ኋላም አስተማሪው በአማርኛ መጣ። በ1917 ዓ.ም «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ወጣ። በ1948 ዓ.ም ሕገ መንግሥት አማርኛ የመንግሥቱ ቋንቋ ተባለ። አንድ የስልጤ ገበሬ መሬቱ ቢወሰድበት በራሱ ቋንቋ አቤት የሚልበት ፍርድ ቤት አልነበረም፤ ክሱን በገንዘቡ በአማርኛ ያስጽፍ ነበር። ይህ በደል ነው፤ አልሸፍነውም።

ነገር ግን አማርኛ ወደ መንደራችን የገባው በዳኛው በር ብቻ አይደለም። ሌላም በር ነበር፤ በደረሳው ኮሮጆ ገብቷል። የኛ አገር ደረሶች ዕውቀት ፍለጋ ወሎ ይወርዱ ነበር፤ ዳና፣ ዳውዌ፣ ብዙ ዓመት ለምነው እየበሉ ቀርተው ይመለሳሉ። እዚያ ሸይኹ የዐረብኛውን ኪታብ የሚፈቱት በአማርኛ ነው። ነሕው ሲቀራ፣ ፊቅህ ሲፈታ፣ የመፍቻው ቃል አማርኛ ነው። ደረሳው ተመልሶ መንደሩ ሲያስተምርም በዚያው መፍቻ አስተማረ። እኔ ራሴ እናቴ በስልጥኛ ወደ መድረሳ ልካኝ፣ ሸይኼ የመጀመሪያውን ኪታብ በወሎ አማርኛ ፈቱልኝ። ማንም አላስገደደንም። የወሎ መንዙማ ሲመጣም እናቶቻችን በደስታ ተቀበሉት።

ወሎዎች በበኩላቸው አማርኛን እንደዋዛ አልያዙትም። ከቦሩ ሜዳው ጉባኤ (እ.ኤ.አ. 1878) በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ሙስሊሙን በግድ ሊያጠምቁ ሲነሱ ከተቃወሙት አንዱ የሆኑት ሸይኽ ጦልሐ ቢን ጃዕፈር ሕዝቡን ያስተማሩት በአማርኛ ግጥም ነው። የጻፉትም በዐረብኛ ፊደል ነው። ይህን ነው ዑለማዎቻችን «ዐጀም» የሚሉት። «ጠ» ሲፈልጉ ጧን፣ «ቀ» ሲፈልጉ ቃፍን ይዘው ጻፉ። ማላዮች ጃዊ ካሉት ጋር፣ የኬፕታውን ባሮች ካደረጉት ጋር አንድ ነው። ማንም ማንንም አልጠየቀም፤ ያው ችግር ያው መፍትሔ ወለደ። የሆላንዱ የላይደን ምሁር ድሬውስ እ.ኤ.አ. በ2007 ስለዚህ ጉዳይ ባሳተሙት ጽሑፍ አማርኛን «የእስልምና ቋንቋ» ብለው ጠርተውታል። ሆላንዳዊው ያየውን እኛ ስንቶቻችን እናውቃለን? በመጨረሻም በ1961 ዓ.ም ሸይኽ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጂ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ የተረጎሙት የቁርኣን ትርጉም በአማርኛ ታተመ። ማላይኛ ይህን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው ያገኘው።

እንግዲህ ንጽጽሩ የሚገርመው እዚህ ላይ ነው። ሰው አማርኛን ከሆላንድኛ ጋር ያስተካክላል፤ የገዢ ቋንቋ ነው ብሎ። በሥራው ግን ማላይኛን ይመስላል፤ ዙፋንም፣ ገበያም፣ ኪታብም አግኝቷል። ሦስቱንም ያገኘ ቋንቋ በቀላሉ አይነቀልም። የመርካቶ ነጋዴዎቻችን አማርኛን የያዙት ዳኛ ስላስፈራራቸው ሳይሆን ከጎጃሜውም ከኦሮሞውም የሚገበያዩበት ስለሆነ ነው።

ሐረሪን ደግሞ ተመልከቱ። የአንድ ከተማ ቋንቋ ነው፤ በጀጎል ግንብ ውስጥ። በአሚሮቹ ዘመን እንኳ የፍርድ መዝገብ የሚጻፈው በዐረብኛ ነበር። በቁጥር ከስልጤ በብዙ ያንሳሉ። ግን ሐረሪዎች ቋንቋቸውን ኪታብ አሸክመውታል። «ኪታቡል ፈራኢድ» በጥንታዊ ሐረሪ በዐጀም የተጻፈ ሃይማኖታዊ ኪታብ ነው፤ ትውልድ ሁሉ ሲገለብጠው ኖሯል። ሴቶችም በየቤቱ ዚክር ያደርጉበታል። ቤት ብቻ ቢሰጠው ኖሮ እስከ ዛሬ በዚህ ጥንካሬ ይቆይ ነበር ብዬ አላምንም።

ስልጥኛ ይህን ዕድል በከፊል ነው ያገኘው። በዐጀም የተጻፈ ስልጥኛ አለ፤ መንዙማም አለ። ግን በየዛውያውና በየግለሰቡ ሳጥን ተበትኖ ነው ያለው። በ1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ማስተማሪያ ከሆኑት 15 ቋንቋዎች አንዱ ስልጥኛ ነበር፤ በግዕዝ ፊደል። በ1987 ዓ.ም ሕገ መንግሥት ቋንቋዎች ሁሉ እኩል ናቸው ተባለ። በ1993 ዓ.ም ሕዝበ ውሳኔ የስልጤ ዞን ሲመጣ ቋንቋው ትምህርት ቤት ገባ። መስቃንኛ ግን ይህን ያህል እንኳ አላገኘም።

ስለ ፊደሉ አንድ ነገር ልበል፤ ይህን ከመምህራን ጋር ስከራከርበት ኖሬያለሁ። ስልጥኛ አሥር አናባቢ አለው፤ አምስት አጭር፣ አምስት ረዥም። የግዕዝ ፊደል የሚለየው ሰባት ነው፤ ርዝመትንም አይለይም። የዐረብኛ ፊደል ደግሞ መድ አለውና ርዝመትን አሳምሮ ይለያል፤ ነገር ግን ፈትሓ፣ ከስራና ደማ ሦስት ብቻ ስለሆኑ «ኤ» ከ«ኢ»፣ «ኦ» ከ«ኡ» ይምታቱበታል። ሁለቱም ልብስ ልክ አይመጣም። የድሮ ሸይኾች በዐጀም የጻፉት ስልጥኛ ረዥሙን ከአጭሩ ለይቶ ያነበንባል፤ የዛሬ ተማሪ መጽሐፍ ደግሞ ለሁሉም ቀላል ሆኖ ያንን ያጠፋዋል። የተሻለው የትኛው ነው ብትሉኝ ልጆቹ ቀድሞ የሚያውቁት ፊደል ይሻላል እላለሁ፤ ማላዮችም ወደ ላቲን ፊደል ሲዞሩ ብዙ ሰው አነበበ። ግን ልጆቻቸው የአያቶቻቸውን ጃዊ ማንበብ አቃታቸው። ያለ ዋጋ የሚገኝ ነገር የለም።

ኢንዶኔዥያን ስናደንቅም አንድ ነገር አንደብቅ። እዚያ አገር ከ700 በላይ ቋንቋዎች አሉ። ማላይኛ ሆላንድኛን ካሸነፈ በኋላ ዛሬ ትንንሾቹን ቋንቋዎች ከከተማ ልጆች አፍ የሚያስወጣው እሱ ራሱ ነው። በኛም አገር እንዲሁ አይተናል። ጋፋትኛ ከአባይ ማዶ ይነገር የነበረ የአማርኛ ዘመድ ነው፤ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ናሙና አስጽፎለት ነበር። ዎልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲሄድ ተፈልገው ተፈልገው የተገኙት ተናጋሪዎች አራት ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ጠፋ። ወንድሞቻችን አርጎባዎችም በብዙ ቦታ ወደ አማርኛ ወይም ወደ ኦሮምኛ ዞረዋል፤ ሾንኬን በመሰሉ ቦታዎች ነው ቋንቋው ጠንክሮ የቀረው።

ስልጥኛ ነገ ይጠፋል እያልኩ አይደለም፤ ትምህርት ቤት አለው፣ ዞን አለው። ከዞኑ ውጭ ያለው የኛ ቤት ነው የሚያሳስበኝ። በመርካቶ፣ በቡታጅራ፣ በእንሴኖም ጭምር እናት ለልጇ «እንዳይደናገርበት» ብላ በአማርኛ ብቻ ታወራለች። ልጅ በሁለት ቋንቋ አይደናገርም፤ እኔ በሁለት አድጌ ሦስተኛውን መድረሳ፣ አራተኛውን ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት። ኢማሞችም እንጠየቅበታለን። ኹጥባውን በአማርኛ ካደረግኩ በኋላ ከኋላ ያሉት እናቶች ምን እንደገባቸው የጠየቅኩት ከዓመታት በኋላ ነው። አንዷ «ድምፅህ ደስ ይላል» አለችኝ። ሌላ ምንም አልተናገረችም። ከዚያ ጁምዓ ጀምሮ ከሶላት በኋላ አሥር ደቂቃ በስልጥኛና በመስቃንኛ እደግመዋለሁ።

አንድ ነገር ላሳስባችሁ። በየቤታችሁ ከአባት ከአያት የቀረ ኪታብ ካለ ዳርና ዳሩን እዩት። ደረሳው በኅዳጉ ላይ የጻፈው ዐረብኛ የማይመስል ዐረብኛ ካገኛችሁ ዐጀም ነው፤ አማርኛ፣ ስልጥኛ ወይም ሌላ ሊሆን ይችላል። «አሮጌ ነው» ብላችሁ አታቃጥሉት፤ ከከተማ መጥቶ በርካሽ ለሚገዛ ሰውም አትስጡት። የሚያነብ ሽማግሌ ፈልጉና ልጆቻችሁ በሞባይላቸው ይቅረጹት። እኔ ባለፈው ዓመት በአንድ ቤት የፊቅህ ኪታብ ኅዳግ ላይ ስለ ውዱእ በስልጥኛ የተጻፈ ፍቺ አገኘሁ፤ የባለቤቱ የልጅ ልጆች ለመቶ ዓመት ያህል በሳጥን አስቀምጠውት «ዱዓእ» መስሏቸው ነበር።

ያ ትልቁ ልጅ ባለፈው ዒድ ሴት ልጁን ይዞ መጣ። የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ጓሮ ወጣን። ጎረቤቲቱ አብዛኛውን እንሰት ፍቃ በልታዋለች፤ ሁለቱ ቆመዋል፣ ክሩም ከዝናብ ብዛት ነጥቷል። ልጅቷ አያቷን የእያንዳንዱን ስም እየጠየቀች ደብተሯ ላይ መጻፍ ጀመረች። አንዱ ስም ላይ ቆም አለችና «ኡስታዝ፣ አያቴ ረዘም አድርጋ ነው የምትለው፤ እንዴት ነው የሚጻፈው?» አለችኝ። «ከፊደሉ በላይ ሰረዝ አድርጊበት» አልኳት። ሰረዙን አደረገችና ወደሚቀጥለው እንሰት ሄደች።